ለሁለተኛው ጥያቄ ተዘጋጁ፦ አስገራሚ ነገር ለጓደኛ እንዴት ይነገራል?

ኦክቶፐስ የተባለው ባለ ስምንት እጅ የባሕር እንስሳ ሦስት ልብ አለው። ይህን ብቻ ለጓደኛችሁ ብትነግሩት «እሺ» ብሎ ወደ ስልኩ ይመለሳል። አይፈረድበትም። የነገራችሁት ቁጥር ነው፤ የሚጫወትበት ነገር አልሰጣችሁትም።

አሁን ደግሞ እንዲህ በሉት። የኦክቶፐስ ደም ሰማያዊ ነው። በእኛ ደም ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው ብረት ነው፤ በእሱ ደም ውስጥ ግን መዳብ ነው። ይህ ደም ወፈር ያለ ነው፣ ኦክስጅን የመሸከም አቅሙም ከእኛው ያንሳል። ስለዚህ በኃይል መገፋት አለበት። ሁለቱ ልቦች ደሙን በውኃ ውስጥ ወደሚተነፍስበት ስንጥብ ይገፋሉ፤ ሦስተኛው ለቀረው አካል ያዳርሳል። ይህ ሦስተኛው ልብ ደግሞ ኦክቶፐሱ ሲዋኝ ሥራ ያቆማል። ለዚህ ነው መዋኘት ቶሎ የሚያደክመው፤ ከመዋኘት ይልቅ በእጆቹ እየተሳበ መሄድ የሚመርጠው። እዚህ ላይ ስትደርሱ ጓደኛችሁ ስልኩን አስቀምጧል።

እኔ እንዲህ ያለ ነገር ከልጅነቴ ጀምሮ እወዳለሁ። የታሪክም ሆነ የሳይንስ ወይም የባህል፣ «ውይ፣ እውነት?» የሚያሰኝ ነገር ካገኘሁ ለሰው ሳልነግር አላድርም። አንድ ደንብ ግን አለኝ። ሁለተኛውን ጥያቄ መመለስ የማልችለውን ነገር ለማንም አልነግርም። የመጀመሪያው ጥያቄ «እውነት?» ነው። ሁለተኛው «ለምን?» ወይም «እንዴት?» ነው፤ ጨዋታው የሚደምቀው በእሱ ነው። «ወሬ ሲነግሩህ ሐሳብ ጨምርበት» የሚባለው ለሰሚው ብቻ አይመስለኝም። ተናጋሪውም ሳይጨምርበት ባያወራው ይሻላል።

ስለዚህ መጀመሪያ ማስታወሻ ደብተር ያዙ። ስልክም ይሆናል። እኔ ወረቀት እመርጣለሁ፤ በእጄ የጻፍኩት አይረሳኝም። ለእያንዳንዱ ነገር አራት መስመር እሰጠዋለሁ። አንደኛው ላይ ነገሩን በጥያቄ መልክ እጽፋለሁ። ሁለተኛው ላይ መልሱን፣ ሦስተኛው ላይ ምክንያቱን። አራተኛው ላይ ለማን እንደምነግረው። ሦስተኛው መስመር ባዶ ከሆነ ነገሩ ገና አልበሰለም፤ እዚያው ደብተሩ ላይ ይቆያል። አንዳንዱ ወራት ይቆያል፤ ምንም አይደል።

ቀጥሎ ማጣራት ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ሰው የሚሰማችሁ ስለሚያምናችሁ ነውና። በየስልኩ የሚዘዋወረው «ይህን ያውቁ ኖሯል?» ብዙው ውሸት ነው። ደግሞ ውሸቱ ከእውነቱ ይልቅ ይጥማል። (ከዚህ በታች የምጠራቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

«የቻይና ታላቁ ግንብ ከጨረቃ ላይ ይታያል» የሚለውን ያልሰማ የለም። ራሳችሁን «እንዴት?» ብላችሁ ጠይቁ። ግንቡ እጅግ ረጅም ነው፤ ስፋቱ ግን ጥቂት ሜትር ብቻ ነው። ቀለሙም ከአካባቢው አፈርና ድንጋይ ጋር ይመሳሰላል። ያን ያህል የጠበበ ነገር ምንም ቢረዝም ከሩቅ ዓይን አይገባም። በ2003 የቻይና የመጀመሪያው ጠፈርተኛ ያንግ ሊዌይ ከጨረቃ ይልቅ ለመሬት እጅግ በሚቀርብ ከፍታ ላይ ሆኖ መሬትን ሲዞር ተመልክቶ፣ ግንቡን አላየሁትም ብሏል።

ወይም ደግሞ «የሰው ልጅ ከአንጎሉ የሚጠቀመው 10 በመቶውን ብቻ ነው» የሚለውን ውሰዱ። አንጎል ከሰውነታችን ክብደት 2 በመቶ ገደማ ነው፤ ሰውነታችን ከሚጠቀመው ኃይል ግን 20 በመቶ ገደማውን ይወስዳል። ሰውነት ሥራ ለፈታ አካል ይህን ያህል ቀለብ አይሰፍርም።

አያችሁ፣ ሁለተኛው ጥያቄ ማጣሪያም ነው። ምክንያቱን ፍለጋ ስትሄዱ ውሸቱ መንገድ ላይ ይቀራል። ቶሎ የሚያስጠረጥረኝ እንደ 10 በመቶ ያለ ድፍን ቁጥርና ከሁሉ በላይ «ይሄስ እውነት ቢሆን ደስ ይለኛል» የሚያሰኘኝ ነገር ነው። በአንስታይን ስም የሚወራ ነገርም እንዲሁ። አንስታይን በሒሳብ ወድቆ ነበር የሚባለው ለምሳሌ ሐሰት ነው፤ 15 ዓመት ሳይሞላው ካልኩለስ ያውቅ ነበር።

ውሸት መሆኑን ስትደርሱበት ግን ገጹን አትቅደዱት። ውሸቱ ከየት እንደመጣ ፈልጉ፤ ብዙ ጊዜ ከራሱ ከወሬው የተሻለ ታሪክ ይወጣዋል። ናፖሊዮን አጭር ነበር ይባላል። በፈረንሳይ መለኪያ ቁመቱ 5 ጫማ ከ2 ኢንች ተብሎ ተመዝግቧል። በእንግሊዝ መለኪያ ሲነበብ 157 ሴንቲሜትር ገደማ ይሆናል፤ በእርግጥም አጭር ነው። ነገር ግን በዚያን ጊዜ የፈረንሳይ ኢንች ከእንግሊዙ ይረዝም ነበር። በትክክል ሲሰላ 168 ሴንቲሜትር ገደማ ይመጣል፤ ይህም በዘመኑ ለነበረ ፈረንሳዊ ወንድ ተራ ቁመት ነው። በዚያ ላይ እንግሊዛዊው የካርቱን ሠዓሊ ጄምስ ጊልሬይ ናፖሊዮንን እንደ ድንክ አድርጎ እየሣለ አገር ሲያስቅበት ኖሯል። የሁለት አገር መለኪያና የጠላት ብዕር ተባብረው አንድን ሰው ለ200 ዓመት አሳጠሩት! ይህን የነገርኩት ሰው ሁሉ ጨምሮ ጠይቆኛል።

የቫይኪንጎች፣ የጥንቶቹ የሰሜን አውሮፓ ባሕረኛ ተዋጊዎች፣ ባለ ቀንድ ቆብም እንዲሁ ነው። ለጦርነት ቀንድ ያለው ቆብ ያደርጉ እንደነበር የሚያሳይ ማስረጃ የለም። በ1943 ኖርዌይ ውስጥ ዬርሙንድቡ በተባለ ቦታ የተገኘው የራስ ቁርም ቀንድ የለውም። ታዲያ ቀንዱ ከየት መጣ? ወሬውን በዓለም ያሰራጨው በ1876 በጀርመን ለታየ የሪቻርድ ዋግነር ኦፔራ አልባሳት የነደፈው ካርል ኤሚል ዶፕለር ነው። ከቲያትር ልብስ የወጣ ነገር የታሪክ እውቀት ሆኖ ቀረ።

አሁን ወደ አነጋገሩ እንምጣ። መልሱን ቀድማችሁ አትንገሩ፤ አስገምቱ። ሰው የገመተውን ነገር መልስ ሳይሰማ አይሄድም። «በቬኑስ ላይ ቀን ይረዝማል ወይስ ዓመት?» በሏቸው። ሁሉም «ዓመት ነዋ!» ይላል። ቬኑስ ፀሐይን አንዴ ለመዞር 225 የመሬት ቀን ገደማ ይፈጅባታል፤ በራሷ ዛቢያ አንዴ ለመዞር ግን 243። እዚህ ላይ ጎበዝ ጓደኛ ካላችሁ «ቆይ፣ ቀን ማለት ፀሐይ ወጥታ እንደገና እስክትወጣ ያለው ጊዜ አይደለም እንዴ?» ይላችኋል። ልክ ነው። ቬኑስ የምትሽከረከረው ከመሬት በተቃራኒ አቅጣጫ ስለሆነ፣ ፀሐይ ከምዕራብ ትወጣና እንደገና እስክትወጣ 117 የመሬት ቀን ገደማ ይወስዳል። ስለዚህ መልሱ «ቀን» ባላችሁት ነገር ይለያያል። ይህን ሳታውቁ ወሬውን ከጀመራችሁት መሐል መንገድ ላይ ትቀራላችሁ፤ ካወቃችሁት ግን ያ ጠያቂ ጓደኛ የጨዋታው ንጉሥ ይሆናል። እንዲሆንም ተዉት።

ከማስገመት የሚበልጠው ማስሞከር ነው። በአውስትራሊያ ሰሜን ኩዊንስላንድ የሚነገር ጉጉ ይሚትር የተባለ ቋንቋ አለ። ተናጋሪዎቹ የዕቃን ቦታ ሲናገሩ እንደ እኛ ግራና ቀኝ አይሉም፤ ሰሜን፣ ደቡብ፣ ምሥራቅ፣ ምዕራብ ይላሉ። ይህን ከመናገር ይልቅ ጓደኞቻችሁን «ለአሥር ደቂቃ ግራና ቀኝ ማለት ክልክል ነው» በሏቸው። የውኃው ብርጭቆ ከሳህኑ በየት በኩል ነው? ስልክህ በየትኛው ኪስህ ነው? ወዲያው አንዱ ተነስቶ በመስኮት ፀሐይዋን ይፈልጋል፤ ሌላው ስልኩ ላይ ኮምፓስ ይከፍታል። ግራ ሲገባቸው ያኔ ስለ ቋንቋው ንገሯቸው። ተናጋሪዎቹ ቤት ውስጥም ሆነው አቅጣጫቸውን ያውቃሉ፤ ሳያውቁ ተራ ዓረፍተ ነገር መናገር አይችሉማ! ባህልን በተመለከተ እንዲህ ያለው መንገድ ሌላም ጥቅም አለው። ሰዎቹን እንደ ትርዒት ከማየት ያድናል። ጓደኞቻችሁ ችሎታቸውን ያደንቃሉ እንጂ አይስቁባቸውም።

የረጅም ዘመን ነገር ሲሆን ዓመቱን ከመደርደር ጠረጴዛው ላይ ዕቃ አስቀምጡ። አንድ ማንኪያ ታላቁ የጊዛ ፒራሚድ ይሁን፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት 2560 ገደማ። ሌላ ማንኪያ በ1969 ሰው ጨረቃን የረገጠበት ቀን። ከዚያ ቁልፍ ስጧቸውና «የግብጿን ንግሥት ክሊዮፓትራን አስቀምጧት» በሉ። ብዙ ሰው ከፒራሚዱ አጠገብ ያስቀምጣታል። ክሊዮፓትራ ግን የሞተችው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ30 ነው። ከፒራሚዱ 2500 ዓመት ያህል ትርቃለች፤ ከጨረቃው ጉዞ 2000 ያህል። እኔ ንግግር ሳላበዛ ቁልፉን ብቻ አንሥቼ ወደ ጨረቃው በኩል እገፋዋለሁ።

ለማን የሚለው መስመር ቀላል ይመስላል፤ እኔ ግን ብዙ የማስበው በእሱ ላይ ነው። የግንባታ መሐንዲስ የሆነ የልጅነት ጓደኛ አለኝ። ለእሱ የያዝኩት የኤፍል ማማን ነው። በሙቀት ጊዜ ብረቱ ስለሚለጠጥ ቁመቱ እስከ 15 ሴንቲሜትር ገደማ ሊጨምር ይችላል። ነገርኩት፤ ወዲያው ወረቀት አውጥቶ ማስላት ጀመረ። የእህቴ ልጅ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ለእሷ ዎምባትን መረጥኩ። ይህ የአውስትራሊያ እንስሳ ኩሱ እንደ ዳይስ መጫወቻ ማዕዘን አለው። ምክንያቱም የአንጀቱ ግድግዳ ከፊሉ ጠንከር፣ ከፊሉ ለስለስ ያለ ስለሆነ ሲጨምቀው እኩል አይጨምቀውም። ከዚያን ቀን ወዲህ ለክፍሏ ልጆች ሁሉ ነግራለች። በፈረንሳይ በጊሎቲን አንገት መቁረጥ ለመጨረሻ ጊዜ የተፈጸመው በ1977 መሆኑን ደግሞ ደብተሬ ላይ ጽፌዋለሁ፤ የምነግረው ግን ለታሪክ ወዳዱ የሥራ ባልደረባዬ ብቻ ነው። ሐዘን ላይ ላለ፣ ሥራ ላጣ፣ ወይም ልቡ ሌላ ቦታ ላለ ሰው ምንም አልነግርም። ያን ቀን እሱ ይናገር።

በቴሌግራም ግሩፕ ከሆነ አንድ ጊዜ አንድ ብቻ ላኩ። ስክሪንሾት ሼር አታድርጉ፤ በራሳችሁ ቃል ጻፉት። ጥያቄውን ጠዋት፣ መልሱን ማታ።

አንድ ሰው «ይሄንንማ አውቀዋለሁ» ካለ ደስ ይበላችሁ። «በል ጨርስልኝ» በሉትና ዝም በሉ። እናንተ የማታውቁት ነገር ጨምሮ ሊነግራችሁ ይችላል። «ውሸት ነው!» ያለ ካለም ክርክር አትግጠሙ፤ አብራችሁ ፈልጉ። ከቻላችሁ የሙዚየም፣ የዩኒቨርሲቲ ወይም የጠፈር ምርምር ተቋም ገጽ ላይ ድረሱ። ሁለት ድረ ገጽ አንድ ዓይነት ዓረፍተ ነገር ከጻፉ አንዱ ከሌላው ቀድቶ ሊሆን ስለሚችል እንደ ሁለት ምስክር አትቁጠሯቸው።

አንድ ጨዋታ ላይ ከሁለት በላይ አትንገሩ። ሦስተኛው ላይ ጓደኛ ተማሪ ይሆንባችኋል።

ለመጀመር የሚሆን አንድ ገጽ ከደብተሬ ላውሳችሁ። ጥያቄ፦ ስልክ ሳይኖር፣ ሳይጮሁም፣ ከገደል ማዶ ካለ ሰው ጋር ሙሉ ወሬ ማውራት ይቻላል? መልስ፦ ይቻላል። በስፔን ካናሪ ደሴቶች፣ ላ ጎሜራ ላይ ሰዎች በፉጨት ይነጋገራሉ። ሲልቦ ጎሜሮ ይባላል፤ በ2009 ዩኔስኮ በቅርስነት መዝግቦታል፤ በደሴቲቱ ትምህርት ቤቶችም ይሰጣል። ምክንያት፦ ደሴቲቱ በጥልቅ ሸለቆዎች የተቆራረጠች ናት። ማዶ ለመድረስ ብዙ መውረድና መውጣት ይጠይቃል፤ ፉጨት ግን ከጩኸት ይልቅ ርቆ ይሰማል። የሚያፏጩት ስፓኒሽን ነው፤ የቋንቋውን ድምፆች በፉጨቱ ከፍታና ዝቅታ ይተኳቸዋል። ለማን፦ ማፏጨት ለሚወድ ሰው። ከነገራችሁት በኋላ ስሙን በፉጨት እንዲጠራ ጠይቁት።