የስክሪን ሴንቲሜትርን አትመኑ
በሲኤስኤስ (የድረ ገጽ መልክ በሚጻፍበት ቋንቋ) 10 ሴንቲሜትር ብላችሁ የጻፋችሁት ሳጥን በማስመሪያ ሲለካ 10 ላይሆን ይችላል። ብሮውዘሩ የስክሪኑን እውነተኛ ስፋት ሳይለካ 1 ኢንች ምንጊዜም 96 ፒክስል ነው ብሎ ያሰላል። ያ ፒክስል ራሱ የስክሪኑ ነጥብ አይደለም፤ በአንድ ፒክስል ጎን ስንት የስክሪን ነጥብ እንደሚሰለፍ የሚናገረው ሬሾ 2 በሆነ ስልክ አንዱ ፒክስል 4 ነጥቦችን (2 በ2) ይሸፍናል። ብዙዎች ሬሾውን ይዘው ሴንቲሜትር ለማስላት ይሞክራሉ፤ ከንቱ ድካም ነው፣ ስለ ስክሪኑ ስፋት የሚነግረን ነገር የለምና።

ሴንቲሜትርና ሚሊሜትርን ለኅትመት ተጠቀሙባቸው፤ ገጹ ሳይጠብ ሳይሰፋ ከታተመ ልካቸውን ይጠብቃሉ። በስክሪን ላይ እውነተኛ ልክ የግድ ካስፈለገ ግን ተጠቃሚው የባንክ ካርዱን ስክሪኑ ላይ አስደግፎ፣ የሚታየውን ሳጥን ከካርዱ ጋር እስኪገጥም እንዲያስተካክል አድርጉ። የካርዱ ወርድ (ረጅሙ ጎን) በዓለም አቀፍ ደረጃ 85.6 ሚሊሜትር ነው። ገጹን ካጎላው ማስተካከሉ እንደገና ይጀመራል።