ከመኪና አደጋ በኋላ ካሳን የሚያሳጡ የማስረጃ ስህተቶች

በሀገራችን የመኪና አደጋ የደረሰበት ሰው ካሳ ሊጠይቅ ሲነሳ በአብዛኛው ይዞ የሚቀርበው የአሽከርካሪውን ጥፋት የሚያሳይ ማስረጃ ነው። ሹፌሩ እንዴት ይበር እንደነበር፣ ትራፊክ ፖሊሱ ምን እንዳለ፣ ማን ቆሞ እንዳየ አንድም ሳያስቀር ይናገራል። ጉዳቱ በገንዘብ ስንት እንደሆነ ሲጠየቅ ግን እጁ ላይ ያለው አንድ የተጨማደደ የመድኃኒት ደረሰኝ ብቻ ይሆናል።

ሕጉ የተጻፈው በሌላ አካሄድ ነው። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2081 የተሽከርካሪ ባለንብረት ምንም ጥፋት ባይሠራም መኪናው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው ይላል። አንቀጽ 2141 ደግሞ የጉዳቱን መጠን የማስረዳት ግዴታ በተጎጂው ላይ ይጥላል። በዚህ ላይ በአንቀጽ 2116 መሠረት የሞራል ካሳ ከ1000 ብር መብለጥ አይችልም። ይህ ጣራ ዛሬ የአንድ ቀን የመድኃኒት ወጪ እንኳ አይሸፍንም፤ ሊሻሻል ይገባው ነበር ብዬ አምናለሁ። እስካልተሻሻለ ድረስ ግን ሥቃይና እንቅልፍ ማጣት ለብቻቸው ብዙ ገንዘብ አያመጡም። ካሳ የሚገኘው በሰነድና በምስክር ከተረጋገጠ የኪስ ጉዳት ነው። ከዚህ በታች ያሉት ስህተቶች ሁሉ ይህንን ካለማወቅ የሚመጡ ናቸው።

መንገዱ ተዘጋ ተብሎ መኪናውን ቶሎ ማንሳት

ግጭት ሲፈጠር ከኋላ የሚጠብቁት ሹፌሮች ጡሩምባ ያስጮኻሉ፣ መንገደኛውም «አንሱት እንጂ!» ይላል። የተጎዳ ሰው ካለ መቅደም ያለበት እሱ ነው፤ የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907፣ ፖሊስ በ991 ይጠራል። ሰው የተጎዳበት መኪና ግን ትራፊክ ፖሊስ ደርሶ ፕላን (የአደጋውን ቦታ ንድፍ) እስኪያነሳ ድረስ ከቦታው መንቀሳቀስ የለበትም። በኋላ ዳኛው ፊት የሚቀርበው ያ ፕላን ነው፤ የጎማው ምልክት፣ የመኪናው አቅጣጫና እግረኛው የወደቀበት ቦታ የሚታየውም እዚያ ላይ ነው።

ፎቶ የሚያነሱ ሰዎችም ቢሆኑ የሚያነሱት የተጨረመተውን ኮፈን ወይም ደሙን በቅርበት ነው። ከሁሉ አስቀድሞ መነሳት ያለበት ከሩቅ የሚታየው ነው፦ መንገዱ በሙሉ፣ ዜብራው፣ መብራቱ፣ የቆሙት መኪናዎች፣ ቦታውን የሚያሳውቅ ሕንፃ ወይም የሱቅ ሰሌዳ። እግረኛ ለሆነ ሰው ዜብራው በተለይ ወሳኝ ነው። የባለንብረቱ ኃላፊነት ሙሉ በሙሉ ወይም በከፊል የሚቀርበት ዋናው መንገድ ተጎጂው ራሱ ጥፋተኛ ነበር የሚለው ክርክር ነውና (አንቀጽ 2086)። ሁለት መኪናዎች ከተጋጩ ደግሞ ሕጉ ሁለቱም እኩል አስተዋጽኦ እንዳደረጉ ይገምታል። የአንደኛው ጥፋት ብቻ ወይም በዋናነት የእሱ ጥፋት መሆኑ ካልተረጋገጠ በስተቀር የጠቅላላው ጉዳት ወጪ እኩል ይካፈላል። ስለዚህ የጥፋት ማስረጃ ከምንም በላይ የሚያስፈልገው ለአሽከርካሪ ነው።

ፎቶውን ለዘመድ በቴሌግራም እንደ ተራ ሥዕል ልኮ ከስልክ ላይ መደምሰስም ጉዳት አለው። እንዲህ ሲላክ ሥዕሉ ይጨመቃል፣ የተነሳበት ሰዓትና ቦታ መረጃም ይጠፋል። ዋናው ስልኩ ላይ ይቆይ፤ መላክ ካስፈለገም በፋይል መልክ ይላክ። በአቅራቢያው ካሜራ ያለው ባንክ፣ ሱቅ ወይም ሆቴል ካለ ቀረጻው ከጥቂት ቀናት ወይም ሳምንታት በኋላ በአዲስ ቀረጻ ሊተካ ስለሚችል መርማሪው የጥያቄ ደብዳቤ እንዲጽፍ በዚያው ሳምንት መወትወት ያስፈልጋል።

የታርጋውን ቁጥር ብቻ መያዝ

ቁጥሩ ያለ ኮዱና ያለ ፊደሉ ሙሉ ታርጋ አይደለም። ተመሳሳይ ቁጥር በኮድ 2 የቤት መኪና፣ በኮድ 3 የንግድ መኪና ላይ ሊኖር ይችላል። ከታርጋው ቀጥሎ የሚያስፈልገው ሊብሬው በማን ስም እንደሆነና የሦስተኛ ወገን መድኑ ከየትኛው ድርጅት እንደተገዛ ማወቅ ነው። የሹፌሩን ስምና ስልክ ይዞ የሚመጣ ብዙ ነው፤ ሹፌሩ ተቀጣሪ ከሆነ ግን ካሳውን የመክፈል አቅም ያለው በአብዛኛው ባለንብረቱና መድን ሰጪው ነው። የመኪናው ሽያጭ ስም ሳይዛወር ቀርቶ ከሆነ ክርክሩ ከዚያ ይጀምራል፤ የሊብሬው ፎቶ በመጀመሪያው ቀን ከተያዘ ግን ብዙ ወራት ይተርፋሉ።

ከአላፊ አግዳሚ ምስክር መፈለግ

አደጋ ሲደርስ የሚሰበሰበው ሕዝብ ብዙ ያወራል፣ ብዙ ያዝናል፣ ከአንድ ሰዓት በኋላ ግን አንዱም አይገኝም። ከዓመት በኋላ ፍርድ ቤት ሊቀርብ የሚችለው እዚያው ቦታ የሚውል ሰው ነው፦ ጀበና ቡና የምታፈላዋ፣ ጫማ የሚጠርገው ልጅ፣ የፓርኪንግ ሠራተኛው፣ የሕንፃው ጥበቃ። ሙሉ ስማቸውና ስልካቸው በዚያው ቀን ይጻፍ። ምን እንዳዩም በአጭሩ ይመዝገብ፤ ሆኖም የሚናገሩትን ለማስጠናት መሞከር ምስክሩንም ጉዳዩንም ያበላሻል። በፍትሐ ብሔር ክርክር የምስክሮች ዝርዝር ከክሱ ጋር አብሮ የሚቀርብ በመሆኑ በኋላ እንፈልጋለን ማለት አያዋጣም።

ወደ ሐኪም ዘግይቶ መሄድ፣ ወይም ወጌሻ ጋ ቀድሞ መሄድ

«ደህና ነኝ፣ ብዙም አልተጎዳሁም» ብሎ ተነስቶ ወደ ቤት መሄድ የጨዋነት ልማዳችን ነው። ከአራት ቀን በኋላ ወገቡ አልነሳ ብሎት ሆስፒታል ሲሄድ ግን የሕክምና ካርዱ የሚያሳየው የአራት ቀን ክፍተት ነው። የተከሳሽ ጠበቃ ጉዳቱ ከሌላ ምክንያት የመጣ ነው ለማለት ከዚህ የተሻለ አያገኝም። በተሽከርካሪ አደጋ የሦስተኛ ወገን መድን አዋጅ ቁጥር 799/2005 መሠረት የአደጋ ተጎጂ አስቸኳይ ሕክምና የማግኘት መብት አለው፤ ስለዚህ ገንዘብ አልያዝኩም ብሎ መቅረት አያስፈልግም።

የወጌሻ ነገር በጥንቃቄ መነገር አለበት። ብዙ ቤተሰብ አጥንት ሲሰበር የሚያምነው የሰፈሩን ወጌሻ ነው፤ ብዙ ጊዜም በፍቅርና በጭንቀት የሚደረግ ነው። ነገር ግን ራጅ ሳይነሳ የታሸ ስብራት ሲበላሽ፣ ተጎጂው ጉዳቱን አባብሶታል የሚል መከራከሪያ ይነሳል፤ ሕጉም ሊቀነስ ይችል ለነበረው ጉዳት ካሳ አይከፈልም ይላል። መጀመሪያ ሆስፒታል፣ መጀመሪያ ራጅ። ጸበሉም ጸሎቱም ከዚያ ጋር አብሮ መሄድ ይችላል።

ሐኪሙ ዘንድ ሲቀርቡም ትልቁን ቁስል ብቻ አሳይቶ የጆሮውን ጩኸት፣ የእይታውን መደብዘዝ፣ የራስ ምታቱን ሳይናገሩ መውጣት የተለመደ ነው። ካርዱ ላይ ያልተጻፈ ሕመም በኋላ ለማስረዳት በጣም ያስቸግራል።

«እግሩ ተሰብሯል» የሚል የሕክምና ማስረጃ ይዞ ነገሩ አለቀ ማለትም ስህተት ነው። የሚፈለገው ጉዳቱ ቋሚ መሆን አለመሆኑን፣ ቋሚ ከሆነም በመቶኛ ስንት እንደሆነ የሚገልጽ የሕክምና ቦርድ ውሳኔ ነው። ይህም ሕክምናው ሲያበቃ፣ አጥንቱ ጠግኖ ምን እንደቀረ ሲታወቅ የሚጠየቅ ነው። እግሩ ውስጥ ብረት የገባለት ሰው ብረቱን ለማስወጣት ሌላ ቀዶ ሕክምና እንደሚያስፈልገው ካወቀ፣ ሐኪሙ ያንን ከግምታዊ ወጪው ጋር በጽሑፍ እንዲሰጠው ይጠይቅ። መድረሱ እርግጠኛ የሆነ የወደፊት ጉዳት ገና ሳይደርስ ሊካስ እንደሚችል ሕጉ በአንቀጽ 2092 ይፈቅዳል።

ገቢን በአፍ ብቻ መናገር

ከሁሉም በላይ ገንዘብ የሚያስቀረው ስህተት ይህ ነው፤ ስለዚህ በስሌት ማሳየት ይሻላል። ፍርድ ቤቶች ብዙውን ጊዜ የሚያሰሉት የዓመት ገቢን (የወሩን በ12 አባዝቶ)፣ የአካል ጉዳቱን መቶኛና ቀሪ የሥራ ዕድሜን በማባዛት ነው። በወር 12,000 ብር የሚያገኝ፣ 20 በመቶ ቋሚ ጉዳት የደረሰበትና 15 ዓመት የሥራ ዕድሜ የቀረው ሰው በዚህ ስሌት 432,000 ብር ላይ ይደርሳል። ያው ሰው ማስረዳት የቻለው በወር 4,000 ብር ብቻ ከሆነ 144,000 ብር ላይ ይቆማል። የተጎዳው እግር ያው ነው፣ ልዩነቱ የወረቀት ነው። ዳኛው በርትዕ (ፍትሐዊ ነው ብሎ በሚገምተው ልክ) ሊቀንሰው ይችላል፤ ትክክለኛውን መጠን ማወቅ ካልተቻለም በርትዕ ይወስናል (አንቀጽ 2102)። በርትዕ የሚወሰነው ገንዘብ ግን በማስረጃ ከሚገኘው ያነሰ እንደሚሆን መጠበቅ አስተዋይነት ነው።

ደመወዝተኛ ከመሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ ያወጣል። የሚቸገረው ቀን ሠራተኛው፣ ግንበኛው፣ ጉልት የምትቸረችረው እናት፣ የታክሲ ረዳቱ ነው። ለእነሱም መንገድ አለ፦ የቴሌብር ወይም የባንክ የገንዘብ እንቅስቃሴ ዝርዝር፣ የዕቁብ መጣያ ደብተርና የዕቁቡ ዳኛ ምስክርነት፣ አሠሪው ወይም ኮንትራክተሩ በአካል ቀርቦ የሚሰጠው ቃል፣ ዕቃ ያስረከበው የጅምላ ነጋዴ። ነጋዴ የሆነ ሰው ደግሞ ማወቅ ያለበት ለግብር ባስታወቀው ገቢ ልክ ሊያዝ እንደሚችል ነው። ለገቢዎች 5,000 ብሎ ለፍርድ ቤት 50,000 ማለት ተቀባይነት የለውም።

ትንንሽ ወጪዎችም ይደመራሉ። ወደ ክትትል የሚወስደው የታክሲ ክፍያ፣ ክራንቹ፣ ሥራዋን ትታ ያስታመመችው እህት ያጣችው ገቢ፣ ሁሉም ከዕለቱ ጀምሮ በአንድ ደብተር ላይ ቀኑ ተጠቅሶ ይጻፍ። መድኃኒት ቤት ያለ ደረሰኝ ርካሽ ነው ሲል እሺ አይባልም።

ሽማግሌ መጥቷል ተብሎ ቶሎ መፈረም

እርቅን የምናከብር ሕዝብ ነን፣ ሊከበርም ይገባዋል። የገጪው ቤተሰብ ሽማግሌ ይዞ፣ ገንዘብ ይዞ፣ አንገቱን ደፍቶ ሲመጣ እምቢ ማለት ይከብዳል። ችግሩ ያለው ከይቅርታው ጋር አብሮ በሚፈረመው ወረቀት ላይ ነው። «ከዛሬ ጀምሮ ምንም ዓይነት ጥያቄ የለኝም» የምትል አንዲት ዓረፍተ ነገር በሕግ ፊት የግልግል ውል ናት፤ አንቀጽ 3312 ይግባኝ እንደሌለው የመጨረሻ ፍርድ ያያታል። ተጎጂው ገና አልጋ ላይ ሳለ፣ እግሩ ይዳን ይቆረጥ ሳይታወቅ፣ 30,000 ብር ተቀብሎ እንዲህ ሲፈርም ያሳዝነኛል፤ ከስድስት ወር በኋላ ያ ወረቀት በራሱ ላይ ቀርቦ ያያልና።

ሹፌሩ ወረቀቱን የሚፈልገው በወንጀል ጉዳዩ ቅጣት እንዲቀልለት ስለሆነ፣ ለእሱም የሚጠቅም ለተጎጂውም የማይጎዳ አጻጻፍ አለ። «ለሕክምና እርዳታ ይህን ያህል ብር ተቀብያለሁ፤ ከጠቅላላ ካሳው ላይ የሚታሰብ ነው፤ ቀሪ ካሳ የመጠየቅ መብቴ የተጠበቀ ነው» ተብሎ ይጻፍ። አባቶችም ይህን ቢያስጽፉ እርቁ አይፈርስም። መድን ድርጅት ቼክ ሲሰጥ የሚያስፈርመው ቅጽም ተነቦ፣ ያልገባው ተጠይቆ ይፈረም። ለመርማሪ የተሰጠ ቃልም እንዲሁ፤ ቋንቋው የማይገባው ሰው አስተርጓሚ የመጠየቅ መብት አለው።

የወንጀሉ መዝገብ እስኪያልቅ መጠበቅ

ብዙዎች ዐቃቤ ሕጉ ሹፌሩን ሲያስቀጣ ካሳውም አብሮ የሚመጣ ይመስላቸዋል። አብሮ አይመጣም፤ ካሳ በተጎጂው ጥያቄ የሚገኝ ነው። ከውል ውጭ ለደረሰ ጉዳት ካሳ የሚጠየቀው በ2 ዓመት ውስጥ ነው (አንቀጽ 2143)። ድርጊቱ ረዘም ያለ ይርጋ (ክስ የማቅረቢያ ጊዜ ገደብ) ያለው ወንጀል ከሆነ ረጅሙ ጊዜ ይሠራል፤ ሆኖም በዚህ ተማምኖ መቀመጥ አደገኛ ነው። በሌላ በኩል ሹፌሩ በወንጀል ነጻ ወጣ ተብሎ ተስፋ መቁረጥም ተገቢ አይደለም፤ የወንጀል ችሎት ነጻ ማለቱ የካሳ ችሎቱን አያስገድደውም (አንቀጽ 2149)። ከወንጀሉ መዝገብ የሚያስፈልገው የፕላኑ፣ የምስክሮች ቃልና የሕክምና ማስረጃው የተረጋገጠ ግልባጭ ነው።

ገጪው አመለጠ ብሎ መተው

ገጭቶ ያመለጠ መኪና ካልተገኘ ወይም መድን ከሌለው፣ ለሞትና ለአካል ጉዳት ካሳ የሚከፍል የመድን ፈንድ በአዋጁ ተቋቁሟል፤ ዛሬ የሚያስተዳድረው የመንገድ ደህንነትና መድን ፈንድ አገልግሎት ነው። እዚያ የሚቀርበውም የፖሊስ ማስረጃና የሕክምና ማስረጃ ነው። ስለዚህ ታርጋ ባይያዝም፣ ምስክር ባይኖርም አደጋውን በዚያው ዕለት ለፖሊስ አስመዝግቦ የመዝገብ ቁጥሩን ይዞ መመለስ ያስፈልጋል።