የክረምት ንባብን በቡሄ መመዘን
ከሐምሌ 1 እስከ ጳጉሜን 5 ያሉትን 65 ቀናት ለንባብ የመደባችሁ ሁሉ፣ ዕቅዳችሁን የምትመዝኑበትን ቀን እስከ ዕንቁጣጣሽ ከማዘግየት ይልቅ ነሐሴ 13፣ በቡሄ ዕለት፣ ብታደርጉት ይሻላል፤ ያኔ ለማስተካከል የሚበቁ 22 ቀናት ይቀራሉና። የምትቆጥሩትም የመጻሕፍቱን ብዛት ሳይሆን ገጹን ይሁን። እኔ በየመጽሐፉ የኋላ ሽፋን ውስጥ ቀኑንና የደረስሁበትን ገጽ በእርሳስ እጽፋለሁ (የተውሶ ከሆነ በቁራጭ ወረቀት)፤ ዘንድሮ ይህንኑ ስመለከት አንዱ መጽሐፍ ከሐምሌ 20 እስከ ነሐሴ 4 ገጽ 61 ላይ ቆሞ፣ ተራ የሚጠብቁትን ሌሎቹንም አግዶብኝ አገኘሁት። እንዲህ ያለውን ያለ ይሉኝታ ወደ መደርደሪያው መልሱትና የቀሩትን ገጾች ለ22 አካፍሉ፤ ለአንድ ቀን የሚደርሰው ከአቅማችሁ በላይ ከሆነ ከዝርዝሩ አንድ መጽሐፍ ቀንሱ።