ስንጥቁን የከፈትነው እኛው ነን፦ ተቃዋሚ ፓርቲ ስትመሰርቱ ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ሰሞኑን ከዚራ፣ ዛፍ ስር ሻይ ይዘን እንደተቀመጥን አንድ የሰፈሬ ልጅ "ጋሼ፣ ፓርቲ ልናቋቁም ነው፤ ከየት እንጀምር?" አለኝ። ደስ አለኝ። ፈራሁለትም። እኔ ከዓመታት በፊት እዚሁ ድሬዳዋ የአንድ ተቃዋሚ ፓርቲ አደራጅ ኮሚቴ ውስጥ ነበርኩ። ያ ፓርቲ ዛሬ የለም። ለረጅም ጊዜ "መንግስት አፈረሰን" እያልን ኖርን። እውነትነት አለው። ክትትል ነበር፣ ማስፈራሪያ ነበር፣ ከስራው የተባረረም ነበር። ግን ረጋ ብዬ ሳስበው የገቡብን እኛው በከፈትነው ስንጥቅ ነው። ለልጁ የነገርኩትን ለእናንተም ልንገራችሁ።

በምርቃና መመስረት

ይሄ የእኛ አካባቢ ስህተት ነው። የድሬና የሐረር ሰው ቁም ነገር የሚጫወተው በርጫ ላይ ነው። ከምሳ በኋላ ፍራሽ ይነጠፋል፣ የአወዳይ ጫት ይቀርባል፣ አስር ሰዓት ሲሆን የማይቻል ነገር አይኖርም። የእኛም ፓርቲ የተወለደው ገንደ ቆሬ፣ አንድ ጓደኛችን ሳሎን ውስጥ ነው። አስራ ሁለት ነበርን። በዚያ ከሰዓት ስም አወጣን፣ አርማ ሳልን፣ በሦስት ወር ይህን ያህል ሺህ አባል እናመጣለን ብለን ተማማልን። በማግስቱ ጠዋት ቀጠሯችን ላይ የተገኘነው አራት ሰዎች ነን።

በርጫን አልኮንንም። ብዙ ጥሩ ሐሳብ የሰማሁት እዚያ ነው። ውሳኔ ግን ጠዋት ይወሰን። ደግሞ ያ ሳሎን ውስጥ አንድም ሴት አልነበረችም። የማይቅም ሰውም አልነበረም። ግማሹን ከተማ በር ላይ ትተን ነው "የህዝብ ፓርቲ" ያልነው።

የሚሻለው ይሄ ነው። "እኔም አለሁበት" ላለ ሰው ሁሉ ሁለት ሳምንት የሚፈጅ ትንሽ ስራ ስጡት። አንዱ የፓርቲ ምዝገባ አዋጁን አንብቦ ያስረዳ። ሌላው በሰፈሩ አስር ሰው አነጋግሮ ምን እንዳሉት ጽፎ ይምጣ። ስራውን ሰርተው የተመለሱት መስራቾቻችሁ ናቸው። ሦስት ቢሆኑም በሦስት ጀምሩ።

ከደንብ በፊት ወንበር

እኛ መጀመሪያ የተከራከርነው ሊቀመንበር ማን ይሁን በሚለው ላይ ነበር። ደንቡ ገና አልተጻፈም። አምባገነን ስርዓት መሪ ያስራል፤ ይሄ የሚጠበቅ ነው። የአንድነት ፓርቲ ሊቀመንበር የነበረችው ብርቱካን ሚደቅሳ ታህሳስ 2001 ታስራ የወጣችው መስከረም 2003 ነው። በመካከሉ የ2002ቱ ምርጫ አለፈ። እንግዲህ ራሳችሁን ጠይቁ። መሪያችን ነገ ጠዋት ቢታሰር ማህተሙ ማን ጋ ነው? የባንክ ፊርማው የማን ነው? መግለጫ የሚሰጠው ማን ነው? ለእያንዳንዱ ቦታ ተተኪ፣ ለተተኪውም ሌላ ተተኪ ይኑረው። የስልጣን ዘመኑም በደንቡ ይገደብ። ራሱ ለሃያ ዓመት ከወንበሩ ያልተነሳ ሊቀመንበር ገዢውን "በቃህ" ቢል ማን ይሰማዋል?

ቃለ ጉባኤን መናቅ

እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ ላውራ። ብዙ ፓርቲ የሞተው እዚህ ነው።

ግንቦት 7 ቀን 1997 በተደረገው ምርጫ የተቃዋሚዎች ጥምረት የነበረው ቅንጅት ከአዲስ አበባ ምክር ቤት 138 መቀመጫዎች 137ቱን አሸነፈ። ከዚያ ፓርላማ እንግባ አንግባ የሚል ክርክር መጣ፣ እስር መጣ፣ መከፋፈል መጣ። በመጨረሻም ጥር 2000 ላይ ምርጫ ቦርድ የቅንጅትን ስም ለእነ አየለ ጫሚሶ ሰጠ። ብርቱካንና ጓደኞቿ አንድነት የሚባል ሌላ ፓርቲ ለማቋቋም ተገደዱ። ሰባት ዓመት ቆይቶ፣ ጥር 2007፣ ምርጫ ሊደረግ አራት ወር ሲቀረው የአንድነትም ስም በእነ ትዕግስቱ አወሉ እጅ ገባ። ሌላው ተቃዋሚ ፓርቲ፣ መኢአድም በዚያው ሰሞን ተመሳሳይ እጣ ደረሰው።

ቦርዱ ያኔ ገለልተኛ አልነበረም፤ እኔ እንዲህ ነው የማምነው። ግን ለውሳኔው ምክንያት የተደረገውን ተመልከቱ። ጠቅላላ ጉባኤው በደንቡ መሰረት ተጠርቷል ወይ? ምልዓተ ጉባኤ ነበር ወይ? ማን ማንን መረጠ? በእነዚህ ጥያቄዎች ላይ ሁለት መልስ ያለው ፓርቲ ስሙን ለሚፈልግ ሰው በሩን ገርበብ አድርጎ ተኝቷል ማለት ነው።

በእኛ ላይ የደረሰው ያነሰ ነው፤ ዓይነቱ ግን አንድ ነው። አንድ ስብሰባ ላይ ተጣላን። ግማሾቻችን ተነስተን ወጣን። የቀሩት ቀጥለው አዲስ ስራ አስፈጻሚ መረጡ። በሳምንቱ ሁለት ቃለ ጉባኤ ነበረን። አንዱ በሉክ ወረቀት ላይ፣ አንዱ ሽፋኑ በተቀደደ የተማሪ ደብተር ላይ። ሁለቱም ማህተም ነበረባቸው። "ህጋዊዎቹ የትኞቹ ናችሁ?" የሚል ደብዳቤ ሲደርሰን የምንመልሰው አጣን።

ስለዚህ ከመጀመሪያው ቀን ጀምራችሁ ገጹ ቁጥር ያለው አንድ መዝገብ ያዙ። ስብሰባው ሳይበተን ቃለ ጉባኤው ይነበብ፣ ሁሉም ይፈርም። ያልተስማማ ሰው የልዩነት ሐሳቡን እዚያው ላይ ይጻፍ። የጠብ መፍቻ ደንባችሁንም ገና ሳትጣሉ ጻፉት። ከተጣላችሁ በኋላ የሚጻፍ ደንብ ሁሉ ለአንድ ወገን ያደላ ይመስላል።

አዋጁንም እወቁት። በአዋጅ ቁጥር 1162/2011 አገር አቀፍ ፓርቲ ለማቋቋም 10,000፣ ክልላዊ ለማቋቋም 4,000 መስራች አባላት ያስፈልጋሉ። በቀድሞው አዋጅ 1,500 እና 750 ነበር። ህግ ይሻሻላልና ፊርማ ማሰባሰብ ከመጀመራችሁ በፊት የጸናውን ቅጂ ከቦርዱ ውሰዱ።

የሰው ስም እንደ ዋዛ መያዝ

ፊርማ ስናሰባስብ ቀፊራ ገበያ ገባሁ። በርበሬና ቅመም የሚሸጡ አንድ እናት አሉ፤ ድሮም ደንበኛቸው ነኝ። አላማችንን አስረዳኋቸው። ጥሩ አድርገው ሰሙኝ። እጃቸውን በሻሻቸው ጫፍ ጠረጉና ቅጹን ተቀበሉኝ። ከዚያ ከእሳቸው በፊት የፈረሙትን በጣታቸው ቆጠሩ። ሰባት ስም ነበር። ጣታቸው ያለፈበት ላይ ቀይ በርበሬ ቀረ።

"ልጄ፣ እነዚህ ሰዎች እኔ ስማቸውን እንዳየሁ ያውቃሉ?" አሉኝ።

ዝም አልኩ።

"ይሄስ ወረቀት ማታ የት ነው የሚያድረው?"

የሚያድረው እኔ ቦርሳ ውስጥ ነበር። እሳቸው አልፈረሙም። ልክ ነበሩ። ወር ሳይሞላ አንዱ ጓደኛችን ከሳቢያን ወደ መጋላ ሲመጣ የቅጾቹን ፌስታል ባጃጅ ውስጥ ረሳው። ባጃጁን ብንፈልግ አጣነው። ከዚያ ወረቀቱ ላይ የነበሩትን ሰዎች ቤት ለቤት እየዞርን "ስማችሁ ጠፍቶብናል" አልናቸው። አንዳንዶቹ ቡና አፍልተው አጽናኑን። አንዳንዶቹ በሩን አልከፈቱልንም። አንዱ የመንግስት ሰራተኛ ነበር፣ አራት ልጆች አሉት። ፊቱን እስከዛሬ አልረሳሁም።

ለአንድ ሰው አንድ ቅጽ ይሁን። ህጉ ከሚጠይቀው በላይ መረጃ አትውሰዱ። ዝርዝሩን የሚያውቀው ሰው ሁለት ወይ ሦስት ቢሆን ይበቃል፤ ስልክ ላይ ፎቶ ተነስቶ በቴሌግራም አይዙር። ለሚፈርመውም ሰው ስሙ ቦርድ ዘንድ እንደሚደርስ አስቀድማችሁ በግልጽ ንገሩት። "ምንም አይመጣብህም" ብላችሁ አታስፈርሙ። ያን ማለት የምትችሉ አይደላችሁም።

በአንድ ቋንቋ ማሰብ

የእኛ በራሪ ወረቀት በአማርኛ ብቻ ነበር። መጋላ ውስጥ ለአንድ ባለሱቅ ሰጠሁት። በአክብሮት ተቀብሎ አጥፎ ኪሱ ከተተው። ማንበብ እንደማይችል የገባኝ በኋላ ነው። ድሬ ሰው በአንድ አረፍተ ነገር ውስጥ ኦሮምኛ፣ ሶማሊኛና አማርኛ ቀላቅሎ ያወራል። እኛ ግን ስንጽፍ ያንን ረሳነው። ሐረር ደግሞ ሐረሪ ይጨመራል።

ድሬዳዋ ለረጅም ጊዜ የተዳደረችው 40፣ 40፣ 20 በሚባለው ድልድል ነው። 40 ለኦሮሞ፣ 40 ለሶማሌ፣ 20 ለሌላው። ይሄን ድልድል እየተቃወሙ ኮሚቴያቸውን በዚያው ስሌት የሚያዋቅሩ አይቻለሁ። ስሌቱን ጭራሽ ረስተው ሁሉንም ከአንድ ሰፈር የሚሰበስቡም አይቻለሁ። ሁለቱም ያው ነው። ሐረር የምትደራጁ ከሆነ የክልሉ ምክር ቤት 36 መቀመጫ እንዳለው፣ ከዚያ ውስጥ 14ቱ የሐረሪ ብሔራዊ ጉባኤ እንደሆነ አውቃችሁ ግቡ። አቋማችሁ ምንም ይሁን፣ ጀጎል ውስጥ ያለ አባወራም ሸዋ በር ላይ የምትሸጥ ሴትም ፊት ለፊት ስትጠይቃችሁ የምትሰጡት መልስ አንድ ይሁን።

ምርጫ ሲደርስ ብቻ ብቅ ማለት

ድሬዳዋ ለተወካዮች ምክር ቤት የምትልከው 2 ሰው ነው። ሐረሪም 2። ከ547 መቀመጫ ውስጥ ማለቴ ነው። ሁልጊዜ ስለ አራት ኪሎ ብቻ የሚያወራ የድሬ ፓርቲ የሰፈሩን ሰው ጥያቄ አልሰማም። በሐምሌ 1998 መጨረሻ ደቻቱ ወንዝ በሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ወሰደብን። ክረምት በመጣ ቁጥር የወንዙ መከላከያ ግንብ እንዴት ነው ብሎ ሄዶ የሚያይ፣ ያየውን ጽፎ ለአስተዳደሩ የሚያስገባ፣ መልሱን ለነዋሪው የሚያነብ ፓርቲ ይኑር። ምርጫ ባይኖርም፣ ምክር ቤት ባትገቡም ይሄን መስራት ትችላላችሁ። ስለ ውሃም፣ ስለ ቤት ኪራይም እንደዚያው።

ቁጣ

ሰላማዊ ነን ማለት ብቻውን አይበቃም። እንደ ኳስ ልምምድ ይፈልጋል። ለሰልፍ ከ48 ሰዓት በፊት በጽሁፍ አሳውቁ፤ የ1983ቱ አዋጅ ቁጥር 3 የሚለው ይህን ነው። ያስገባችሁበትን ቅጂ በፊርማ ተቀበሉ። አስተባባሪዎች መድቡ፣ ድንጋይ የሚያነሳ ሰው ሲመጣ ምን እንደሚያደርጉ ቀድመው ይለማመዱ። የመጀመሪያውን ድንጋይ የሚወረውረው ብዙ ጊዜ የማታውቁት ሰው ነው። እ.ኤ.አ. ከ1900 እስከ 2006 የነበሩ ትላልቅ የተቃውሞ እንቅስቃሴዎችን ያነጻጸረ ጥናት ከሰላማዊዎቹ 53 በመቶው ሲሳካላቸው ከታጠቁት የተሳካላቸው 26 በመቶው ብቻ መሆኑን አሳይቷል። ፌስቡክ ላይም ያው ነው። ማታ ተናደህ የለጠፍከውን ጠዋት ፍርድ ቤት ታገኘዋለህ።

ገንዘብ

ከውጭ መንግስትና ከውጭ ድርጅት አትቀበሉ፤ ህገ ወጥ ነው። ለአምስት ብርም ደረሰኝ ይቆረጥ። ሂሳቡ በየወሩ ለአባላት ይነበብ።

ለብቻ መሮጥ

ኬንያ ውስጥ የዳንኤል አራፕ ሞይን የአንድ ፓርቲ አገዛዝ ለመታገል እ.ኤ.አ. በ1991 ፎርድ የሚባል ንቅናቄ ተነሳ። ምርጫው ሳይደርስ ማን ይወዳደር በሚል ለሁለት ተሰነጠቀ፤ ኦዲንጋ በአንድ ወገን፣ ማቲባ በሌላ ወገን። እ.ኤ.አ. በ1992ቱ ምርጫ ሞይ 36 በመቶ ያህል ድምፅ ብቻ አግኝቶ አሸነፈ። እሱ የወረደው እ.ኤ.አ. በ2002 ነው፤ በዚያ ምርጫ ተቃዋሚዎች በአንድ ላይ ቆመው እሱ የመረጠውን ተተኪ አሸነፉ። አስር ዓመት! ጋምቢያ ውስጥ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2016 ተቃዋሚዎች ተሰባስበው አንድ እጩ፣ አዳማ ባሮውን አቀረቡ። 22 ዓመት የገዛውን ጃሜህን በድምፅ ረቱት፤ በጎረቤት አገሮች ግፊትም ከአገር ወጣ።

ከሌላ ፓርቲ ጋር ስትነጋገሩ ውህደት ብላችሁ አትጀምሩ። "በዚህ ወረዳ እኔ፣ በዚያ ወረዳ አንተ" በሚል ትንሽ ስምምነት ጀምሩ። እሱ ከሰራ ሌላው ይመጣል።

ቆጠራውን ለሌላ ሰው መተው

በእኛ አገር በ2002ቱ ምርጫ የያኔው ገዢ ፓርቲና አጋሮቹ ከ547 መቀመጫ 545 ወሰዱ። በ2007 ሁሉንም። እንዲህ ባለበት አገር ምርጫ መግባት ምን ይጠቅማል የሚል ሰው አጋጥሞኛል። ጥያቄው ተገቢ ነው። እኔ ግን የቺሊን ታሪክ አስታውሳለሁ። እ.ኤ.አ. ጥቅምት 5 ቀን 1988 ወታደራዊው ገዢ ፒኖቼ ስልጣኑን ለማራዘም ህዝበ ውሳኔ ጠራ። ተቃዋሚዎቹ በየምርጫ ጣቢያው ሰው አስቀምጠው ድምፁን ለብቻቸው ደመሩ። ማታ መንግስት ቁጥር ሲያዘገይ እነሱ ቁጥራቸው በእጃቸው ነበር። ፒኖቼ ተሸነፈ።

እኛ በነበርንበት ምርጫ ታዛቢዎቻችን አመሻሹ ላይ ወደ ቤት ገቡ። የድሬ ሙቀት ቀኑን ሙሉ አቃጥሏቸው ነበር። ውሃ ያደረሰላቸው ሰው የለም፣ ምሳ ያመጣላቸው የለም፣ በምሽት ወደ ቤት የሚያደርሳቸው ባጃጅ አልተዘጋጀም። ቆጠራው የተጀመረው እነሱ ከሄዱ በኋላ ነው። የታዛቢዎቻችሁን ዝርዝር ስታወጡ ከእያንዳንዱ ስም ጎን ሁለተኛ ስም ይጻፍ። ታዛቢዋ ጣቢያው ውስጥ ቆጠራው እስኪያልቅና ውጤቱ በር ላይ እስኪለጠፍ ትቆያለች። ውሃና እራት የሚያደርስላት፣ ሲያልቅም ቤቷ የሚሸኛት ያ ሁለተኛው ሰው ነው።