ከቀመሩ በፊት ዛቢያውን እዩ

ቀመሩን አንድ በአንድ የሚያውቅ ተማሪ ጠለል (ዝርግ) ምስል ሲሽከረከር የሚፈጥረውን ጠጣር ይዘት የማስላት ጥያቄ ላይ ሲሳሳት ማየት ያናድዳል። ሒሳቡ ከብዶት አይደለም። ምስሉ የሚዞርበትን መስመር፣ ማለትም ዛቢያውን፣ ሳያይ ወደ ስሌት ስለሚሮጥ ነው።

የመጀመሪያው ስህተት «ሬክታንግል ሲዞር ሲሊንደር ይሆናል» ብሎ ሸምድዶ ማለፍ ነው። በየትኛው ጎኑ ዙሪያ? ጎኖቹ 3 እና 5 ሴንቲ ሜትር የሆነ ወረቀት ቁረጡ። ረጅሙን ጎን እርሳስ ላይ በፕላስተር ለጥፉና እርሳሱን በመዳፋችሁ መሃል አሽከርክሩት። ሬዲየሱ 3፣ ቁመቱ 5፣ ይዘቱ 45π ነው። አሁን ነቅላችሁ በአጭሩ ጎን ለጥፉት። 75π ይሆናል። ወረቀቱ ያው ነው፣ ጠጣሩ ግን ሌላ።

ዛቢያው ከረጅሙ ጎን ጋር ትይዩ ሆኖ ወረቀቱን መሃል ለመሃል ቢያልፍስ? ብዙዎች ሙሉውን ወርድ ሬዲየስ ያደርጉታል። ሬዲየሱ ግማሹ፣ 1.5 ነው። ስለዚህ ይዘቱ 11.25π ብቻ ነው፤ ሬዲየስ በራሱ ስለሚባዛ የ45π ሩብ ሆነ።

«ጎነ ሦስት ሁሌም ኮን ይሰጣል» የሚለውም አያስኬድም። ጎኖቹ 3፣ 4 እና 5 የሆነውን በ5ቱ ዙሪያ አዙሩት። መቀመጫቸው የተጋጠመ ሁለት ኮን ታገኛላችሁ። የጋራ ሬዲየሳቸው 2.4፣ ይዘታቸው ተደምሮ 9.6π ነው።

ከሁሉም በላይ ነጥብ የሚያስጥለው ግን ዛቢያው ከምስሉ ራቅ ሲል ነው። ያኔ መሃሉ ክፍት ይሆናል። ቶርኖ ቤት የሚወጣ ቡሽ፣ ማለትም መሃሉ ክፍት የሆነ የብረት ቱቦ፣ አይታችሁ ከሆነ ቅርጹ እሱ ነው። ወርዱ 2፣ ቁመቱ 5 የሆነ ሬክታንግል ከዛቢያው 3 ሴንቲ ሜትር ርቆ ይዙር። የውጭው ሬዲየስ 5፣ የውስጡ 3 ነው። እዚህ ላይ 5 ሲቀነስ 3 ብሎ ውጤቱን በራሱ ማባዛት ትልቅ ጥፋት ነው። እንዲህ የሠራ 20π ያገኛል። መጀመሪያ እያንዳንዱን በራሱ አባዙ፣ ከዚያ ቀንሱ፦ 25 ሲቀነስ 9፣ 16። በቁመቱ ሲባዛ 80π። በኢንቲግራል የምትሠሩም እዚሁ ወጥመድ ውስጥ እንዳትገቡ።

መልሳችሁን ማረጋገጥ ከፈለጋችሁ በ4ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው የእስክንድርያው ፓፐስ ያቆየልን ግሩም ደንብ አለ። የምስሉን ስፋት ማዕከሉ (ምስሉ ሚዛኑን ጠብቆ የሚቆምበት ነጥብ) ዞሮ በሚጓዘው ርቀት አባዙት። ለቡሹ ስፋቱ 10 ነው፣ ማዕከሉ ከዛቢያው 4 ይርቃል፣ ስለዚህ 8π ይጓዛል። 10 ጊዜ 8π፣ 80π። ዛቢያው ምስሉን ሰንጥቆ ካለፈ ግን ደንቡ እንዳለ አይሠራም። መሃል ለመሃል ላለፈበት ወረቀት በአንድ ወገን ያለውን ግማሽ ብቻ ወስዳችሁ አስሉ።