እንቅልፍና ሕልም ሲበላሹ፦ ምልክቱ፣ ምክንያቱ፣ መፍትሄው

አዳማ ላይ እንቅልፍ ያጣ ሰው መጀመሪያ የሚከሰው ሙቀቱን ነው። ሙቀቱም ንጹሕ አይደለም። ግን ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ያለው ሰዓታችን፣ ስኒያችንና ጠርሙሳችን ላይ ነው። ችግሮቹን ሰው በሚያማርርበት አነጋገር አስቀምጫቸዋለሁ፤ የእናንተን ፈልጉ።

«ሕልም ማየት ካቆምኩ ቆየሁ»

አላቆማችሁም፤ ስትነቁ አታስታውሱትም እንጂ። እንቅልፍ በግምት 90 ደቂቃ በሚፈጅ ዙር ይሄዳል። በየዙሩ መጨረሻ ላይ ዓይናችን ከቆቡ ሥር በፍጥነት ወዲያ ወዲህ የሚልበት ደረጃ አለ። ይህን ደረጃ እ.ኤ.አ. በ1953 ይፋ ያደረጉት የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎቹ ዩጂን አሰሪንስኪና ናትናኤል ክላይትማን ናቸው። ደማቅ ሕልሞች በብዛት የሚታዩት እዚህ ነው። ደረጃው ሌሊቱ ሲጀምር አጭር ነው፤ ንጋት ላይ ይረዝማል።

ስለዚህ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ተኝቶ 11 ሰዓት ላይ ለሰርቪስ የሚነሳ ሰው የሚቆርጠው ሕልም የበዛበትን ጫፍ ነው። ኪሳራው ደግሞ በሕልም አያበቃም። አእምሮ ቀን የተማረውን የሚያደላድለው፣ የተጎዳ ስሜትንም የሚያበርደው ተኝተን ነው። ለፈተና ሲያፈጥ የሚያድር ተማሪ ያነበበውን ራሱ እያፈሰሰው ነው።

መፍትሄው፦ አዋቂ ሰው ቢያንስ 7 ሰዓት ይተኛ። መነሻችሁ የማይለወጥ ከሆነ መኝታችሁን ወደ ምሽቱ 3 ሰዓት ተኩል ሳቡት። ስትነቁ ስልክ አትንኩ። ሳትገላበጡ ትንሽ ቆዩ፤ ሕልሙ ራሱ ይመጣል። ማታ ቢራ የምታበዙ ከሆነ ደግሞ እሱን ቀንሱ። መጠጥ ቶሎ ያስተኛል፤ ግን የመጀመሪያውን ግማሽ ሌሊት ሕልም ያፍናል፣ ሁለተኛውን ግማሽ ደግሞ ይረብሻል።

«ዱካክ ተጫነኝ»

ነቅታችኋል፤ ክፍሉ ይታያችኋል። እጅ ግን አይንቀሳቀስም፣ ድምፅ አይወጣም፣ ደረት ላይ የሆነ ነገር ተቀምጧል። ጥግ ላይ የቆመ ጥላ የሚያዩም አሉ።

ምክንያቱ ከጥላው ይልቅ ቀላል ነው። ሕልም ስናይ በሕልማችን የምንሮጠውን አልጋ ላይ እንዳንሮጠው አንጎል ጡንቻዎችን ያስራል። አንዳንዴ አእምሮ ቀድሞ ይነቃል፤ እስራቱ ግን ገና አልተፈታም። ከጥቂት ሰከንዶች እስከ ጥቂት ደቂቃ ይቆያል። በራሱ አይጎዳም። የሚቀሰቅሰው እንቅልፍ ማጣት፣ የተዘበራረቀ የሥራ ሽፍትና በጀርባ መተኛት ነው።

ጫትም አለበት። ምርቃና ላይ ያመሸ ሰው እንቅልፉ ይሸሻል። ከዚያ ለመተኛት ብሎ ጨብሲ ውስጥ ይገባል፣ ምርቃናውን በመጠጥ ይሰብራል፤ ማለትም አንዱን ችግር በሌላ ያክማል። ጫት በድንገት ያቆሙ ሰዎችም በመጀመሪያዎቹ ቀናት በከባድ ቅዠት ይሰቃያሉ። ብዙዎች «ዱካኩ ተቆጣ» ብለው ወደ ጫቱ የሚመለሱት እዚህ ላይ ነው። ይህ የማቆም ስሜት ነው፤ ያልፋል።

መፍትሄው፦ በጎን ተኙ። ሲይዛችሁ መላ ሰውነታችሁን ለማንሳት አትታገሉ፤ አንድ ጣት ወይም ዓይናችሁን ለማንቀሳቀስ ሞክሩ። የመኝታ ሰዓታችሁን አንድ አድርጉ። ጸሎትና ጸበሉን የሚከለክል የለም፤ ሰዓቱ ግን አብሮ ይስተካከል።

«ሌሊቱን ስገላበጥ ነው የሚነጋው»

እንቅልፍ እንዲይዘን የውስጥ ሙቀታችን ዝቅ ማለት አለበት። የስምጥ ሸለቆ ሌሊት ይህን ያከብደዋል። ከመኝታ አንድ ሁለት ሰዓት ቀደም ብሎ ለብ ባለ ውሃ መታጠብ ይረዳል፤ ደም ወደ ቆዳ ይወጣና ሙቀቱ ይለቃል። መስኮት ክፈቱ፤ ግን አጎበር ሳትዘረጉ አይሆንም፣ አዳማ ወባ አለ። ቬንትሌተር ካላችሁ ወደ አጎበሩ አዙሩት።

ሁለተኛው ተጠያቂ ቡና ነው። ቡና ውስጥ ያለው ካፌይን ግማሹ ከሰውነት ለመውጣት 5 ሰዓት ያህል ይፈልጋል። ከሰዓት በኋላ 11 ሰዓት ላይ አቦልና ቶና የጠጣ ሰው ምሽት 4 ሰዓት ላይ ግማሹን ይዞ ነው የሚተኛው። ከ8 ሰዓት በኋላ ይቅርባችሁ። ጎረቤት ቡና ስትጠራ እምቢ ማለት ነውር ነው፤ ሂዱ፣ ተጫወቱ፣ ቡና ቁርሱን ብሉ።

እንቅልፍ ለ20 ደቂቃ ያህል እምቢ ካለ ተነሱ። ደብዘዝ ባለ ብርሃን ቁጭ በሉ፤ ሲያንጎላጃችሁ ተመለሱ።

«ያው ቅዠት ይመላለስብኛል»

ቀን ላይ ቅዠቱን ጻፉት። መጨረሻውን እንደፈለጋችሁ ለውጡትና አዲሱን ታሪክ በየቀኑ ለ10 ደቂቃ ያህል በሐሳባችሁ ተመላለሱበት። ሐኪሞች የሚጠቀሙበት ዘዴ ነው። ሕልም እንደ ፈቺው ነው ይሉ የለ፤ እዚህ ላይ ፈቺው እናንተ ናችሁ። እንደ ፕሮፕራኖሎል ያሉ አንዳንድ መድኃኒቶችም ቅዠት ያመጣሉ። ክኒኑን በራሳችሁ አታቁሙ፤ የጻፈላችሁን ሐኪም ጠይቁ።

ቤት ውስጥ የማይፈታ

እያንኮራፋ በመሀል ትንፋሹ ቆሞ እንደታነቀ ሰው የሚባንን፣ ወይም በሕልሙ እየተደባደበ አጠገቡ የተኛውን የሚመታ ሰው ሐኪም ቤት ይሂድ። የመጀመሪያው የደም ግፊት ይጨምራል። ሁለተኛው በተለይ በዕድሜ ገፋ ባሉ ወንዶች ላይ የፓርኪንሰን (ሰውነት የሚያንቀጠቅጥ የአንጎል ሕመም) ቀዳሚ ምልክት ሊሆን ይችላል። እንቅልፍ ያሳጣው ጭንቀት ወይም ሐዘን ሳምንታት ከዘለቀም እንዲሁ።

የጅቡቲን መስመር የምትነዱ ሾፌሮች ግን እስከ ሐኪም ቤት አትጠብቁ። መሪ ላይ ዓይናችሁ ከተከደነ መስኮት መክፈትም ሆነ ዘፈን ማስጮህ አያድንም። ከመንገድ ውጡና 20 ደቂቃ ተኙ።