ወንዙ ጠቆረ ብላችሁ ስትነሱ እነዚህን ስህተቶች አትሥሩ

ዘንድሮም ያው ነው። ከጥቅምት ጀምሮ ስልኬ አያርፍም። ከጎማ፣ ከማና፣ ከሊሙ ኮሳ ሰው ይደውላል። ወንዛችን ጠቁሯል፣ ይሸታል፣ ከብቱ አልጠጣም አለ፣ ምን እናድርግ? ምክንያቱን ጅማ ዞን ውስጥ የሚኖር ሰው ሁሉ ያውቀዋል። የእሸት ቡና ማጠቢያ ጣቢያዎች ሥራ ሲጀምሩ ፍሳሹ ወንዝ ይገባል፤ ያውም ዝናቡ አብቅቶ ወንዙ በሚቀንስበት ሰዓት። የሚያንገበግበኝ ታዲያ እውነት ይዞ ወረዳ የሄደ ሰው ባዶ እጁን ሲመለስ ማየት ነው። በየዓመቱ፣ በየቀበሌው፣ በተመሳሳይ ስህተት።

ትልቁን አስቀድሜ ልናገር። ያለ ማስረጃ መሄድ!

ነገሩ እንዲህ ነው። ገበሬው ቡናውን ቀን ይለቅማል፣ አመሻሽ ላይ ጣቢያ ያደርሳል፣ ማሽኑ ማታ ይፈለፍላል። ስለዚህ ፍሳሹ በብዛት የሚወርደው ሌሊት ነው። ጠዋት ወንዙ ጥቁር ነው። ሰው ይጮሃል፣ ይሰበሰባል፣ ሽማግሌ ይመርጣል፣ ወረዳ ሲደርስ ሳምንት አልፏል። ባለሙያው መኪና እስኪያገኝ ሌላ ሳምንት። እሱ በመጣበት ቀን ማሽኑ ቆሟል፣ ወይም ሌሊቱን ዝናብ ጥሎ ወንዙ ጠርቷል። ባለሙያው ቆሞ ያያል፣ "በጉብኝቱ ወቅት ችግር አልታየም" ብሎ ይጽፋል። ዋሸ ማለት አይደለም፣ ያየውን ነው የጻፈው። ያቺ አንድ ገጽ ወረቀት ግን ፋይል ውስጥ ትቀመጣለች። በሚቀጥለው ዓመት ስትሄዱ እሷኑ አውጥተው ያሳዩዋችኋል። ከዚያ እናንተ ሐሰተኛ ከሳሽ ትሆናላችሁ፣ ወንዙም እንደጠቆረ ይቀጥላል። ይህን ነገር ደጋግሜ ስላየሁት ትዕግሥቴ አልቋል፤ እባካችሁ አትድገሙት።

ደብተር ግዙ። ተራ የተማሪ ደብተር ይበቃል። ቀን፣ ሰዓት፣ ቦታ፣ ቀለም፣ ሽታ፣ ከብት ጠጣ ወይስ አልጠጣም፣ ማን አየ። በየቀኑ ጻፉ። ወንዙ ንጹሕ በሆነበት ቀንም ጻፉ። ይሄን ስል ብዙ ሰው ግር ይለዋል፣ "ንጹሑን ለምን እንጽፋለን?" ይለኛል። ሁልጊዜ ጥቁር ነው የሚል ደብተር ማንም አያምንም። ወንዙ የጠራበት ቀን ማሽኑ ከቆመበት ቀን ጋር ሲገጥም ደግሞ ከዚያ በላይ ምን ማስረጃ አለ? ቆዳዬን አሳከከኝ፣ ሆዴን አመመኝ የሚል ሰው ካለም ጤና ኬላ ሄዶ መዝገብ ላይ ይስፈር። ሰፈር ውስጥ ሲወራ የነበረ ሕመም ወረዳ ላይ አይቆጠርም።

ናሙና ስትወስዱ ሁለት ጠርሙስ ያስፈልጋል፣ አንዱ ከጣቢያው በላይ፣ አንዱ ከጣቢያው በታች። ሰው ሁሉ የታችኛውን ብቻ ይቀዳል፣ ምክንያቱም ጥቁሩ እሱ ነው። ባለ ጣቢያው ያኔ "ከላይ የመጣ ነው፣ የላይኛው ጣቢያ ነው የለቀቀው" ሲል መልስ የላችሁም። አንድ ወንዝ ላይ ሦስትና አራት ጣቢያ በተደረደረበት አካባቢ ደግሞ በየመሃላቸው መቅዳት ግድ ነው። ለማሳየት ከሆነ ንጹሕ ሃይላንድ ይበቃል። ለላብራቶሪ ከሆነ ግን ጠርሙሱን ከላብራቶሪው ጠይቁ፣ እንዴት እንደሚቀዳም ይንገሯችሁ፣ እስከ አፉ ሙሉት፣ በረዶ ባለበት ሳጥን አድርጋችሁ በዚያው ቀን አድርሱት። አንድ ጊዜ ልጆች በለስላሳ ጠርሙስ ቀድተው፣ ቤት አሳድረው አሳድረው፣ ብዙ መንገድ ተጉዘው አመጡት። ላብራቶሪው አልቀበልም አለ። ልጆቹ አለቀሱ ማለት ይቻላል። ግን ላብራቶሪው ልክ ነበር፣ ጠርሙሱ የራሱ ስኳር አለው፣ ውሃውም ሲቆይ ይለወጣል። የፒኤች ወረቀት፣ የውሃን አሲድነት በቀለም የሚያሳየውን፣ ካገኛችሁ እዚያው ወንዙ ዳር ንከሩት። ንጹሕ ወንዝ 7 አካባቢ ነው፣ የቡና ፍሳሽ ግን ወደ 4 ሊወርድ ይችላል። ልዩነቱን ማንበብ የማይችል ሰው እንኳ በቀለሙ ያየዋል። ጅማ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ እዚሁ አፍንጫችን ሥር ነው። የአካባቢ ጤና ሰዎች ይህን ፍሳሽ ሲያጠኑ ዓመታት አስቆጥረዋል። የቀበሌ ደብዳቤ ይዛችሁ ሂዱና አናግሯቸው።

ሁለተኛው፣ "መርዝ ለቀቁብን፣ ኬሚካል ነው" ማለት። አይደለም! ጣቢያው ውስጥ የሚገባው ቡናና ውሃ ነው። ባለቤቱ ይህን ያውቃል፣ እናንተ ኬሚካል ስትሉ ደስ ነው የሚለው፤ በአንድ ቀን ውሸት መሆኑን አሳይቶ ይገላገላችኋል። ጉዳቱ የሚመጣው ከራሱ ከቡናው ነው። የእሸቱ ሥጋና ዝልግልጉ ስኳር አለው። ስኳሩ ወንዝ ሲገባ ባክቴሪያ ይራባበታል፣ ባክቴሪያው ውሃው ውስጥ ያለውን ኦክስጅን ይጨርሰዋል፣ ዓሣው ታፍኖ ይሞታል። ሲቦካ ደግሞ አሲድ ይፈጥራል። ይህ በራሱ ከባድ ነገር ነው፣ ማጋነን አያስፈልገውም። እውነቱን በትክክል የሚናገር ገበሬ ፊት ባለሙያም ዳኛም ቀጥ ብሎ ይቀመጣል።

በነገራችን ላይ "አፍልተን እንጠጣዋለን" የምትሉ፣ ማፍላት ጀርሙን ይገድላል እንጂ ይህን ፍሳሽ አያወጣውም። ውሃ አጋር የሚባለው የውሃ ማከሚያ ክሎሪንም እንዲህ በደፈረሰ ውሃ ውስጥ ጉልበቱን ያጣል። በዚያ ሰሞን የምንጭ ውሃ ፈልጉ።

"ጣቢያው ይዘጋልን" የሚለው ጥያቄ ልባችሁን ሊያሞቀው ይችላል፣ ግን ሰፈሩን ለሁለት ይከፍለዋል። ቀይ እሸት የሚሸጠው ማን ነው? ጎረቤታችሁ ነው። ጀንፈል አድርቆ ከሚሸጥ ይልቅ እሸቱን ቶሎ አስረክቦ ብሩን ይዞ የልጁን ደብተር የገዛ ሰው፣ ጣቢያው ይዘጋ ስትሉት ፊርማውን ይሰጣችኋል? አይሰጥም። ጣቢያው የማኅበር ከሆነ ደግሞ ግማሹ ስብሰባ ላይ የተቀመጠው ሰው አባል ነው። አንድ አባት በአንድ ስብሰባ ላይ ተነስተው "ልጄ፣ ወንዙም የኔ ነው፣ ቡናውም የኔ ነው፣ የቱን ልክሰስ?" አሉኝ። ትክክል ናቸው። ስለዚህ የምትፈልጉትን ቆርጣችሁ ጠይቁ። የማይሞላና የማያፈስ የፍሳሽ ጉድጓድ ይቆፈር፣ ከወንዙ ይራቅ። ገለባው ወንዝ ዳር አይከመር፣ ኮምፖስት ይሁን። ከጉድጓዱ በታች ፍሳሹን ለማጣራት ቬቲቨር ሳር ይተከል። ማሽኑ ሲቀየር ትንሽ ውሃ የሚጠቀመው ይግባ። ውሃ ሲቀንስ ፍሳሹም ይቀንሳል፣ ጉድጓዱም ይችለዋል። እነዚህ በዞናችን የተሞከሩ ነገሮች ናቸው፣ ከሰማይ የወረዱ አይደሉም። "ይህን አድርጉ" የሚል ጥያቄ ይዞ የሚመጣን ሰው እምቢ ማለት ለባለ ጣቢያውም ይከብደዋል።

አሁን ወደ ወረቀቱ። "ተናግረናል፣ አመልክተናል" ትሉኛላችሁ። ለማን? "ለሊቀ መንበሩ።" በምን? "በቃል።" እንግዲያው አላመለከታችሁም ማለት ነው።

የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 አንቀጽ 11ን እባካችሁ አንብቡት፣ ወይም የሚያነብላችሁ ልጅ ፈልጉ። ማንኛውም ሰው፣ እኔ በግሌ ተጎድቻለሁ ብሎ ማስረዳት ሳያስፈልገው፣ አካባቢን በሚጎዳ ወይም ሊጎዳ በሚችል ላይ ለፌዴራሉ ወይም ለክልሉ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት አቤቱታ ማቅረብ ይችላል። ሊጎዳ በሚችል የሚለውን ልብ በሉ፣ ወንዙ እስኪጠቁር መጠበቅ የለባችሁም። መሥሪያ ቤቱ በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካልሰጠ፣ ወይም ውሳኔው ካላረካችሁ፣ በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት መሄድ ትችላላችሁ። ሕገ መንግሥቱም አንቀጽ 44 ላይ ሁሉም ሰው ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት አለው ይላል። ሕግ አለን። የጎደለን ቀኑ ነው። 30ው ቀን ከመቼ ጀምሮ ነው የሚቆጠረው? አቤቱታችሁ መዝገብ ቤት ገቢ ከሆነበት ቀን። ቁጥርና ማህተም ያለበት ኮፒ በእጃችሁ ከሌለ ቀኑ አልጀመረም፣ 60ውም አይመጣም። ስለዚህ ሁለት ኮፒ ይዛችሁ ሂዱ፣ አንዱ ላይ ማህተም ሳይመታ ከመዝገብ ቤቱ በር አትውጡ። "ነገ ኑ" ቢሏችሁ ነገ ኑ። ከነገ ወዲያም ኑ። ለወረዳውና ለጤና ጽሕፈት ቤቱ ግልባጭ አድርጉ።

ደግሞ በአፋን ኦሮሞ ጻፉት! የክልሉ የሥራ ቋንቋ ነው፣ ቢሮውም ፍርድ ቤቱም የሚሠራው በሱ ነው። ከጅማ ከተማ በአማርኛ አስጽፈው ይሄዱና ተርጉማችሁ አምጡ ተብለው የሚመለሱ አሉ። በዚያ ጊዜ ውስጥ ምርቱ ያልቃል።

ወረዳ የሚሄደው ኮሚቴ ሁሌ ወንድ ብቻ ነው። ውሃ የሚቀዳው ማን ነው? ጎህ ሳይቀድ ጀሪካን ይዞ ወንዝ የሚወርደው ማን ነው? ፍሳሹ በስንት ሰዓት እንደወረደ፣ ሽታው መቼ እንደጀመረ የሚያውቁት እናቶችና ልጃገረዶች ናቸው። ባለሙያው "በስንት ሰዓት ነው ያያችሁት?" ሲል ወንዶቹ እርስ በርስ ይተያያሉ። ደብተሩን እናቶች ይያዙት፣ ወረዳም ይሂዱ፣ ይናገሩም።

ድንጋይ መወርወር፣ የጣቢያውን ፓምፕ መስበር፣ መንገድ መዝጋት፦ ልጆቻችሁን ያሳስራል፣ ጉዳያችሁንም እዚያው ይቀብረዋል። በቃ።

ቲክቶክና ቴሌግራም ላይ ከመለጠፋችሁ በፊት ፎቶው የራሳችሁ ወንዝ መሆኑን አረጋግጡ። አንድ የተዋሰ ፎቶ መቶ እውነተኛውን ያረክሳል።

ስጦታውንም ተጠንቀቁ። ጩኸቱ ሲበረታ ባለ ጣቢያው "ለቀበሌያችሁ ምንጭ እናጎለብታለን" ይላል። ምንጭ ጥሩ ነው፣ ተቀበሉ። ነገር ግን ስጦታውን ተቀብላችሁ አቤቱታውን ከሰረዛችሁ፣ ከእናንተ በታች ያለው ቀበሌ ምን ይጠጣ? ውሃ እኛ ጋ አይቆምም። የአጋሮ አካባቢ ወንዞች ወደ ዴዴሳ ገብተው ለአባይ ይገብራሉ። የጅማ ከተማው አወይቱ በቦዬ ረግረግ በኩል ወደ ግልገል ጊቤ፣ ከዚያ ወደ ኦሞ ይወርዳል። በየመንገዱ የሚጠጣ ሰው አለ። የታችኞቹን ሰዎች ገና ከመጀመሪያው ጥሩና አብራችሁ ፈርሙ። ያኔ ለአንድ ቀበሌ በተሰጠ ስጦታ ጉዳዩ አይዘጋም።

የመጨረሻው አሸነፍን ብሎ መበተን ነው። እዚህ ላይ የሩቅ ሰዎችን ነገር ላንሳ፣ ምክንያቱም ከኛ ጋር በጣም ይመሳሰላል። አሜሪካ ውስጥ ስታንዲንግ ሮክ የሚባል የነባር ሕዝቦች ግዛት አለ። ዳኮታ አክሰስ የተባለው የነዳጅ ቧንቧ፣ ከ1,880 ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝመው፣ ከግዛታቸው ትንሽ ከፍ ብሎ በሚዙሪ ወንዝ ላይ ባለ ሐይቅ ሥር እንዲያልፍ ተወሰነ። የሚጠጡት ውሃ ነው። ቧንቧው ከፈሰሰ ምን ልንሆን ነው ብለው እ.ኤ.አ. በ2016 ተነሱ፣ ክስ መሠረቱ፣ ሜዳ ላይ ድንኳን ተክለው ከረሙ፣ ከዓለም ዙሪያ ሰው ጎረፈላቸው። ታኅሣሥ መጀመሪያ ላይ መንግሥት ፈቃዱን ከለከለ። እልል ተባለ። ብዙም ሳይቆይ አስተዳደሩ ተቀየረ፣ ፈቃዱ ተሰጠ፣ በ2017 ሰኔ ነዳጁ በቧንቧው ማለፍ ጀመረ።

ግን ክሱን አልተዉትም ነበር። ስለ ቧንቧው ፍሳሽ አደጋ ባለሙያ አስጽፈው ያስገቡት ጽሑፍ መዝገቡ ውስጥ ተቀምጦ ነበር። በ2020 ፍርድ ቤቱ፣ መንግሥት ለዚያ ጽሑፍ በቂ መልስ አልሰጠም፣ የተሟላ የአካባቢ ተጽዕኖ ጥናት ይሠራ ብሎ ወሰነላቸው። ነዳጁ በቧንቧው ማለፉን አላቆመም፣ ይህንን መደበቅ አልፈልግም። ሆኖም ድንኳኑ ከተነሳ ከዓመታት በኋላ ዳኛ ፊት የተናገረላቸው ያ ወረቀት ነው።

እኛ ጋ የሚሆነውን ታውቁታላችሁ። ጥር ላይ ማሽኑ ይቆማል፣ ወንዙ ይጠራል፣ ሰው ይረሳል። ጉድጓድ እንቆፍራለን ተብሎ የተፈረመው ቃለ ጉባኤ መሳቢያ ውስጥ ያድራል። በሚቀጥለው ጥቅምት እንደ አዲስ እንጀምራለን። እንደዚያ እንዳይሆን ሐምሌ ላይ ተሰብሰቡ፣ እድሩ ባለበት ወይም ከጁምዓ በኋላ፣ ሰው በሚገኝበት። ያለፈውን ዓመት ደብተርና ማህተም ያለበትን ኮፒ ይዛችሁ ኑ። ነሐሴ ላይ ጣቢያው ሄዳችሁ ጉድጓዱን በዓይናችሁ እዩ፣ ፎቶ አንሱ፣ ስፋቱን በእርምጃም ቢሆን ለኩ። ካልተቆፈረ አቤቱታው መስከረም ሳይገባ መዝገብ ቤት ይድረስ። 30ው ቀን ማሽኑ ከመነሳቱ በፊት መቆጠር ይጀምራል።